ስሟ የከበዳት ልጅ

አሶሳ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከሰው ይረዝማል። በመስከረም ጓሮዬ ቆሜ ስመለከት የጎረቤታችን የሐጂ ማሳ ጫፍ አይታየኝም። በኅዳር ሣሩ ይነጣል። በታኅሣሥ እሳት ይለቀቅበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ ዝናብ ድረስ ሰማዩ የወተት ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ፀሐይዋን ዓይናችንን ሳያመን ቀና ብለን እናያታለን።

እኔ ለዚህ ሰማይ እንግዳ አይደለሁም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ወለዱኝ። ልጆች ሳለን ከሚቃጠለው ሣር እየበረረ የሚመጣውን አመድ «ጥቁር በረዶ» እያልን በእጃችን እንቀልብ ነበር። ጭስ ለእኛ እንደ ዝናብ ወቅት ነበረው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓይን ሲያቃጥል ዓይን እንታጠባለን፤ ሲያስለን እንስላለን። ከዚያ አልፎ ስለ እሱ ያሰበ ሰው አላስታውስም።

ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት በርታኛ ነው፤ «እሱ»ን ከ«እሷ» ለመለየት ጊዜ ይወስድባቸዋል። እኔ ደግሞ በእነሱ ቋንቋ ከዚያ የባሰ ስለምሳሳት ማንንም አልቆጣም።

ባለቤቴ ማንኩሽ በሚባል ሩቅ ከተማ ከባድ መኪና ይነዳል። በወር አንዴ፣ ሥራ ሲበዛ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ነን። አላህ እሷን የሰጠን በተጋባን በሰባተኛው ዓመት ነው። በዚያ ሰባት ዓመት የለመንኩትን ሁሉ ብጽፈው ከዚህ ይረዝማል። መልሱ አንዲት ልጅ ናት፤ በቃኝ።

ስሟን ያወጡላት ሐጂ ናቸው። በተወለደች በሰባተኛው ቀን በጉ ታርዶ ዱዓ ሲደረግ «የእናቴን ስም ልስጠው» አሉ። ሐጂ ለሴትም ለወንድም «እሱ» ነው የሚሉት። ያን ስም ለራሳቸው የልጅ ልጆች እንኳ ገና አልሰጡትም ነበር፤ ለሰፋሪ ልጅ ሰጡት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ አሁን ማንበብ ችላለች፤ ታፍርብኛለች።

ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በበጋ ትስል ነበር። ጉንፋን ነው ብለን ማርና ጥቁር አዝሙድ እንሰጣታለን። ዝናብ ሲጥል ሳሉ ይተዋታል። እሱ ሲተዋት እኛም እንተወዋለን።

እናቴ ከወሎ ይዛቸው ከመጣቻቸው ልማዶች አንዱ ኅዳር ሲታጠን ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ይከመራል፣ ይቃጠላል። «በሽታ በጭስ ይሸሻል» ትለን ነበር። እኔም ሳልጠይቅ ተቀብዬ ለተማሪዎቼ አወረስኩት። ዓምና፣ ልጄ ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ በዚያ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱን ግቢ አስጠርጌ አቃጠልን። ከሰዓት ቤቴ ገብቼ የራሴን ጀመርኩ። ከማንጎው ሥር የወደቀውን ቅጠል ከመርኩ። የተቀደደ ፌስታልና ያረጀ የፕላስቲክ ጫማም ጨመርኩበት። ልጄ ቅጠሉን በጆንያ እየጎተተች ታመጣልኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ሐጂም የማሳቸውን ዳር ማቃጠል ጀምረው ስለነበር አየሩ ከወዲያም ከወዲህም ይከብድ ነበር።

የዐስር ሰላት ሰግጄ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ከመመለሷ በፊት ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። «እማ፣ አየሩ… አልገባ አለኝ።»

ከንፈሯን አየሁት፤ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ እንደነበረች፣ ባጃጁን የሚነዳው ጎልማሳ ምንም ሳይጠይቅ ቆም ብሎ አቧራው እንዳይገባባት የጎኑን ሸራ እንዳወረደላት አስታውሳለሁ። የሰውየውን ደግነት አልረሳውም።

ሆስፒታል ጭንብል አደረጉላት። መድኃኒቱ እንደ ጉም እየሆነ ወደ አፏ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዋ ወረደ። ያየቻት ሐኪም ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«አካባቢያችሁ የሚቃጠል ነገር አለ?» አለችኝ።

«ጎረቤታችን ሣር ያቃጥላሉ» አልኩ።

ልጄ ጭንብሉን ከአፏ ፈቀቅ አደረገችና «እማ፣ የእኛ ቅጠልስ?» አለች።

ሐኪሟ ሣቋን ዋጠች። «ጭንብሉን መልሺው። ምስክርነትሽን ተቀብያለሁ» አለቻት።

እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱን ግማሽ አድርጌ ጥፋቱን ለሌላ ሰው ነበር የሰጠሁት።

«አስም ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «የአየር ቧንቧዋ ቁጡ ነው። ጭስ ሲነካው፣ አቧራ ሲነካው ያብጣል፣ ይጠባል። ጭሱ ከማን ግቢ እንደመጣ ሳንባ አይጠይቅም።» ከዚያ ፓፍ የሚሉትን፣ ተነፍቶ የሚሳበውን መድኃኒት አሳየችን። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አንሥታ ቂጡን በመቀስ ቀደደችና ፓፉን እዚያ ሰካችው። ልጄ በፕላስቲኩ አፍ በኩል ቀስ እያለች እንድትስብ አለማመደቻት። «ይህን ከእጃችሁ አትለዩት። በጋው ሲብስ ከጭሱ መራቅ ከተቻለ ጥሩ ነው። ካልተቻለ ጭሱን ከእሷ ማራቅ ነው» አለች። ያን ቀን እዚያው አደርን።

ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት።

«ደሴ እህቴ ጋ ትሂድ» አለ።

«ደሴ ብርድ ነው።»

«ብርድ በልብስ ይቻላል። ጭስ በምን ይቻላል?»

ከአሶሳ ደሴ ሁለት ቀን የማይበቃው መንገድ ነው። ለበጋ ብቻ ሄዳ እንደማትመለስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ትምህርቷ እዚያ ይሆናል፣ ዓመቱ እዚያ ያልፋል፣ ከዚያ ሌላው ዓመት ይከተላል። ሰባት ዓመት የለመንኳት ልጅ በክረምት ክረምት የምትመጣ እንግዳዬ ትሆናለች። እሱም ለእሷ አዝኖ እንጂ በእኔ ጨክኖ አልተናገረም።

«በጥር መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ» አለ። «እስከዚያ አንድ ቀን እንኳ ሆስፒታል ተመልሳ ከተኛች ይዣት እሄዳለሁ። ካልተኛች አጠገብሽ ትቆይ። ይህ ይሁን?»

«ይሁን» አልኩት። በማግስቱ ወፍራም ሹራብ ገዝቼ በትንሿ ሻንጣ አስቀመጥኩላት። ሻንጣዋን አልጋው ሥር ከተትኳት፤ እንዳላያት። ግን በየቀኑ አያት ነበር።

በዚያው ቀን የሐጂ ባለቤት በቀርከሃው አጥር በኩል ጠሩኝ። እኔ እናቴ ነው የምላቸው።

«ልጁ ምን ሆነ? ባጃጅ አየሁ» አሉኝ።

«አስም ነው አሉኝ፣ እናቴ።»

«ኢስም?» አሉ።

«አዎ፣ አስም። እሱ ነው ያመማት።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያ ረብ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ነገሩ ከብዷቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከብዷቸውም ነበር።

በርታዎቹ ጎረቤቶቻችን ለስም የሚሉት የዓረብኛውን ቃል ነው፤ ኢስም ይላሉ። ይህን አውቃለሁ። ልጅ ሕመም ሲደጋግመው ስሙ ከብዶት ነው ተብሎ ሌላ ስም እንደሚሰጠውም አውቃለሁ፤ ወሎም አለ፣ እዚህም አለ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ገና ሆስፒታል ነበር። አስም ስል እሳቸው ስም እንደሰሙ አልገባኝም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ባለቤታቸው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዘዋል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሐጂ ተቀመጡ። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ጥፋተኛ ነው።»

ስለ እሳቱ መሰለኝ። ሰው ነግሯቸው ይቅርታ ሊጠይቁኝ የመጡ መሰለኝና አፈርኩ። «አይበሉ ሐጂ። የቆየ ልማድ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ልማድ ነው። አባት ለልጅ ይሰጣል። ለልጁ ግን ከበደ።»

«ለሁሉም ልጅ አይከብድም፤ ለአንዳንዱ ነው።»

«ለእናቴ አልከበደም» አሉ ሐጂ። «እናቴ ከእሱ ጋር ሸምግሎ ነው የሞተ።»

«እድሜያቸውን አላህ ባርኮት ነው» አልኩ። እናታቸው ስንት የሣር እሳት አይተው እንዳለፉ እያሰብኩ ነበር።

«ዛሬ እኛ እናነሳለን።»

«ሙሉ በሙሉ ይተዉታል?» አልኩ።

«ሙሉ። ሌላ እንሰጣለን። እነዚህ ሰዎች ጥሩ መርጠዋል።»

«ሌላ ምን?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከነቢዩ ቤት ሰዎች ስም» አሉ።

«ስም?»

«ኢስም» አሉ ሐጂ ትዕግሥታቸው እያለቀ። «ኢስም አይደለም ልጁን ያመመ? አንቺ ራስህ አልተናገርክም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለመሣቅ አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን አይቼ ዘጋሁት። እኒህ ሰው የእናታቸውን ስም ከልጄ ላይ ሊያነሱ ነው የመጡት። የሰጡት ስጦታ ሕፃን አሳመመ ብለው አምነው፣ ከዚያ የባሰ ነገር ሳይመጣ ሊወስዱት።

«ሐጂ፣ ስሟ አይደለም» አልኳቸው። «አስም የበሽታው መጠሪያ ነው። የሳንባ ነው፤ የትንፋሽ። ስሟ ደህና ነው። ስሟ ምንም አላደረጋት።»

ባለቤታቸው በበርታኛ ደጋግመው ነገሯቸው። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ሲያነሱት ፊታቸው ረጥቦ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሦስት ቀን እንቅልፍ የለም። እናቴ ልጁን ገደለ ብዬ።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው በበርታኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እሳቸውም መለሱላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሣቁ። ምን እንደተባባሉ ጠየቅኩ።

«እሱ ‹ጆሮህን አስመርምር› አለኝ» አሉ ባለቤታቸው። «እኔ ‹አንተ ኢስም አከፋፋይ ባትሆን እኔም አልሳሳትም› አልኩ።»

ገንፎው ቀረበ። ሐጂ አንድ ጊዜ አነሡና እጃቸው ቆመ።

«ጠይብ፣ እሺ» አሉ። «ኢስም ካልሆነ፣ ምንድን ነው ያመመው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። እኒህ ሰው አሁን ገና ነው ያረፉት። ስማቸውን ነጻ ባወጣሁበት አፍ እሳታቸውን ልከስስ ነው። መሬቱ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የእነሱ ነው፤ ሣሩን ማቃጠል የጀመሩት እኛ ሳንመጣ ነው። ዝም ብል ደግሞ ታኅሣሥ እየመጣ ነው፤ ሻንጣዋም አልጋ ሥር ናት።

«ቢስሚላህ» አልኩ በልቤ። ከራሴ ጀመርኩ። ተነሥቼ ከማንጎው ሥር ወዳለው ጥቁር ቦታ ወሰድኳቸው።

«ይሄ ነው ሐጂ። ይሄን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በሽታ ይሸሻል ብዬ ለኮስኩት፤ በሽታው ልጄ ላይ መጣ። ጭስ ሲገባባት ቧንቧው ይጠባል፣ ትንፋሽ ታጣለች።»

ሐጂ ጥቁሩን ቦታ በበትራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ በላይ ወደሚታየው ሣራቸው አዞሩ።

«ሣሩም?» አሉ።

«ሣሩም።»

«አቧራም?»

«አቧራም።»

አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲያ ከልጁ ላይ አሶሳን በሙሉ ልናነሳ ነው» አሉ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ኢስም መለወጥ ይቀል ነበር» አሉ።

ከዚያ ሳይቆጡ፣ እንደሚያስረዳ ሰው ነገሩኝ። ሣሩ ካልተቃጠለ እባብ ይገባበታል። ከተራራው የሚወርደው እሳት ሣር ካገኘ ቤት ይበላል፤ አስቀድሞ የተቃጠለ መሬት ግን ያቆመዋል። ፍየሎቹም አዲስ ቡቃያ ይፈልጋሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ የሰፈራ ልጅ ብሆንም አውቀዋለሁ። «ማቃጠል መተው እኔ አልችልም» አሉ።

በዚህ መካከል ልጄ ፕላስቲኳን በእጇ ይዛ ወጣች።

«ና» አሏት ሐጂ። «ስምህን ልወስድ መጥቼ ነበር።»

«ለማን ሊሰጡት?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሣቁ። «ለማንም። የአንተ ነው።»

«የአንቺ ነው» ብላ አረመቻቸው። የአስተማሪ ልጅ ናት። ከዚያ እኔ ያልነገርኳቸውን ነገረቻቸው። «ግን ደሴ ልወስደው ነው። እንደገና ሆስፒታል ከተኛሁ ደሴ እሄዳለሁ። ሹራቤ አልጋ ሥር ነው።»

ሻንጣውን ማየቷን፣ የስልኩንም ወሬ መስማቷን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሐጂ እኔን አዩኝ፣ ልጄን አዩ፣ ከዚያ ገንፎውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አንድም ቃል ኪዳን አልገቡም። ሲወጡ በአጥሩ ዳር ዳር በእርምጃ እየለኩ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከወዲያ ማዶ የማጭድ ድምፅ ሰማሁ። ሐጂ ልጆቻቸውን አሰልፈው ከአጥራችን እስከ ማሳቸው መሃል ድረስ ያለውን ሣር ያሳጭዳሉ። በእሳት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ በማጭድ ቀናት ፈጀ። የታጨደው ለቤት ክዳንና ለፍየሎቹ ሄደ። እኔም በማግስቱ ማጭድ ይዤ ተቀላቀልኩ። ሰዓት ሳይሞላ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። እናቴ እጄን ገልብጠው አይተው ጫን አደረጉት፤ ጮህኩ።

«ይሄ እጅ ጠመኔ ነው» አሉ። «ሂድ፣ ሻይ አፍላ።»

የከርከዴ ሻይ አፍልቼ አመጣሁላቸው። በዚያው ሰሞን ከማንጎው ሥር ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ቅጠሉ ከዚያ ወዲህ እዚያ ይገባል፤ ይበሰብሳል። ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርም ነገርኩት። «ኅዳር ያለ ጭስ ምን ኅዳር ነው?» አለኝ። ቢሆንም ጉድጓዱን አስቆፈረ።

የቀረው ማሳ በታኅሣሥ አጋማሽ በቅዳሜ ጠዋት ተቃጠለ። ሐጂ ሦስት ጠዋት ሙሉ ወጥተው ከእፍኛቸው አመድ እየበተኑ ንፋሱን አይተው ተመልሰው ነበር። በአራተኛው አመዱ ከቤታችን ርቆ ወደ ወንዙ በረረ። እናቴ በአጥሩ በኩል ተጣሩ።

«ያ ቢንቲ፣ ኢስሙን አስገባ!»

ኢስሙ ልጄ ነበረች። አስገባኋት። መስኮቶቹን ዘግቼ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ጎሰጎስኩ። መጽሐፍ ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መጽሐፉን ሳይሆን ደረቷን አያለሁ። እሳቱ ከሩቅ ሲንጣጣ ይሰማናል። ቤቱ ውስጥ ሽታው ትንሽ ገባ። ሳለች። ፕላስቲኩን ሰጠኋት፤ ሐኪሟ እንዳለማመደቻት ቀስ ብላ ሳበች። ብዙ ዱዓ የምችል መስሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን «ያ ረብ» ከማለት ሌላ አልመጣልኝም።

«እማ» አለችኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«አቤት።»

«ራበኝ።»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ እንቁላል ጠብሼ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ ነገሩ በዚያ አለቀ እንዳይመስል። የሐጂ ማሳ አንድ ነው፤ ተራራው ብዙ ነው። በጥር ከየአቅጣጫው የሚመጣው ጭስ ከተማውን ሸፈነው። አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያ ፉጨት ደረቷ ውስጥ ነበር። ፓፉን ሰጠኋት። ጠበቅኩ። ደግሜ ሰጠኋት። ቀለል ያለላት መሰለኝ። ባጃጅ ልጥራ ወይስ ልጠብቅ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እግሬ ለምን እንደቆመ ራሴን ጠየቅኩት። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ሊያስተኟት ይችላሉ፤ ካስተኟት ደሴ ናት። የልጄን ትንፋሽና የራሴን ብቸኝነት በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ነበር። «አስተግፊሩላህ» አልኩና ስልኬን አነሣሁ።

የመጣው ያው ባጃጅ ነው። ሸራውን አስቀድሞ አውርዶታል። ሐኪሟ ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠች፤ ጭንብሉን አደረገችላት። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ሆኜ ለሚመጣው ነገር ሁሉ «እሺ» ለማለት ልቤን አዘጋጀሁ። ካስተኛቻት እሺ። ደሴም ከሆነ እሺ።

«ፓፉን በጊዜ ሰጥተሻታል» አለችኝ ሐኪሟ። «በጊዜም አምጥተሻታል። ቧንቧው ተከፍቷል። መተኛት አያስፈልጋትም፤ ቤቷ ትደር።»

ቤቷ ትደር። አማርኛ ሳስተምር ዘመኔን ፈጅቻለሁ፤ ከዚህ የሚያምር ዓረፍተ ነገር አላጋጠመኝም።

ባለቤቴ በጥር መጨረሻ መጣ። ከእነ አቧራው ተቀምጦ ጆሮውን ደረቷ ላይ አድርጎ አዳመጠ። እንደ ሞተር ነው የሚያዳምጣት። «አሁን አያፏጭም» አለ። በጥር ሐኪም ጋ መሄዷን አልደበቅኩትም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ካሰበ በኋላ «አላስተኟትማ» አለ። «ቃል ቃል ነው። ትቆይ።» ከዚያ ሐጂን ሊያመሰግን ወጣ። ሲመለስ እስከ ጆሮው በሣር ክር ተሸፍኖ ነበር፤ ቤት በሣር ሲከድኑ አግኝቷቸው አሠርተውታል። ልጄ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፣ ሹራቧን በአሶሳ ሙቀት ለበሰችና በረንዳው ላይ ተንጎራደደች። «ደሴ ደርሼ መጣሁ» አለች። ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር።

ዘንድሮም ኅዳር አሥራ ሁለት መጣ። ግቢዬን ጠረግሁ። ቅጠሉን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርኩ። ከማዶ የማጭድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዘንድሮ የሐጂ ቀጣዩ ጎረቤትም በራሱ ዳር ማጨድ ጀምሯል። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። የተራራውን እሳት ማዘዝ አልችልም። ፓፉና ፕላስቲኩ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል።

ሐጂ ሱብሒ ሰግደው ሲመለሱ በየቀኑ አጥሩ ጋ ቆም ይላሉ።

«ኢስሙ እንዴት አደረ?»

ጥያቄው ስለ ስሙ ከሆነ አማርኛቸው ልክ ነው፤ ምንም አላርምም። ልጄ ጥርሷን እየፋቀች ከውስጥ ትመልስላቸዋለች።

«ደህና አደረ፣ ሐጂ። አልከበደኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እሳቸው። እኔም ከኋላ ሆኜ እላለሁ።